ሰብሌ አንገት ላይ የታሰረው ወረቀት

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ፈሪ ሰው ነበሩ። ስድብ አይደለም፤ ራሳቸውም አይክዱትም። ገደል አይፈሩም፤ ላስታ ተወልዶ ገደል የሚፈራ ሰው ከቤቱም አይወጣ። ጅብም አይፈሩም። የሚፈሩት ሰውን ነው፤ በተለይም የሰውን አፍ። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ብሎ ቢኖር ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን በአርባ አንድ ዓመታቸው ዕብራይስጥ መማር ጀመሩ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። መሪጌታ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር ያገለግላሉ፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ በበዓል ቀን ማኅሌቱን ይመራሉ። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ዳዊት ሲደግሙ፣ መቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር ላይ በደረሱ ቁጥር «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል» እያሉ አልፈዋል። ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ቢጠይቁ በኩርኩም ተመለሱ። ኋላ ለሁለት ዓመት ትምህርት አዲስ አበባ ሲላኩ፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ሃያ ሁለቱን ፊደላት በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደረደሩላቸው። መሪጌታ እንባቸው መጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ስማቸውን ሲጠሩ ኖረው መልካቸውን ያዩት ያን ቀን ነው።

ፊደሉን፣ የአናባቢውን ነጥብ፣ ደህና ደህናውን ግስ ለቅመው ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ተመለሱ። አብረዋቸው የተማሩት እዚያው ላይ አቆሙ፤ ማን አስገደዳቸው! እሳቸው ግን መምህሩን ለምነው የሁለተኛውን ደረጃ ጥራዝ፣ በታይፕ ተመትቶ የተባዛውን፣ ይዘው መጡ። ይህ የደካማ ግሶች ጥራዝ ነው፤ ከሦስት ፊደላቸው አንዱ የሚወድቅባቸው፣ የሚዋጥባቸው ግሶች። ግእዝ ላወቀ ሰው ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ግእዝ እጃቸውን ይዞ እስከ በሩ ይወስዳቸዋል፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ጥሏቸው ይሄዳል። አንዱ ግስ እንደ ግእዙ ሲረባላቸው ቆይቶ ድንገት የመካከሉ ፊደል ብን ይላል። ገና ይሆናል ያሉት ነገር፣ ከፊቱ ዋው የምትባል አንዲት ፊደል ስትመጣ፣ ቀድሞ ሆኖ አልፎ ይገኛል። በየወሩ መልመጃቸውን ሠርተው በፖስታ ይልካሉ፤ ሽማግሌው መምህር አርመው ይመልሱላቸዋል። «እንደገና ይሠራ» የሚለው ይበዛል።

የጠፋችውን ፊደል እንዳይረሷት አንድ ዘዴ አበጁ። የቀረውን በጥቁር ቀለም ይጽፉና እሷን በቦታዋ በቀይ ያስቀምጧታል። ገጹ ሲያልቅ ጥቁሩ መሐል ቀይ እንደ በርበሬ ተበትኖ ይታያል።

የሚያጠኑት ተደብቀው ነው፤ ሰው እርሻ በሚውልበት ሰዓት፣ ጓዳ ገብተው፣ ከጎታው ጀርባ፣ በሩን ዘግተው። ምክንያቱም በአገሩ ሰው ዘንድ ዕብራይስጥ አስማት እንጂ የሚነበብ ቋንቋ አይደለም። ክታብ የሚጽፉ ደብተራዎች ትርጉሙ የማይታወቅ ስም ደርድረው «ዕብራይስጥ ነው» ይላሉ፤ ሰውም ያንን በቆዳ አሰፍቶ ከክፉ ይጠብቀኛል ብሎ አንገቱ ላይ ያስራል። ያስራል እንጂ ጸሐፊውን አይወደውም። ጋኔን ጎታች የተባለ ሰው ልጁን የሚያገባለት የለም፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት በወጉ የሚያለቅስለት የለም።

ይህን መሪጌታ ከማንም በላይ ያውቁታል። አባታቸው ደብተራ ምስጋኑ ክታብ ጸሐፊ ነበሩ። የጻፉላት አንዲት ነፍሰ ጡር ክታቧን እንዳሰረች ሞተች። ዘመዶቿ ማኅሌት መሐል ገብተው መቋሚያቸውን ነጥቀው፣ እየገፉ አስወጧቸው። ወልደ ሩፋኤል ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከበሮው ጸጥ ሲል ሰምተዋል። ደብተራ ምስጋኑ ፍላቂት ገበያ ዳር ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነው ሞቱ። ልጃቸው በመቃብራቸው ላይ «እጄ ክታብ ከጻፈ ይቆረጥ» ብለው ማሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ከሰሙ ዛሬም ከተቀመጡበት ይነሣሉ።

ባለቤታቸው አሰለች ፊደል አልቆጠረችም፤ ዓይን ግን አላት። ባሏ ምን ይዞ ጓዳ እንደሚዘጋ በበሩ ስንጥቅ አይታለች። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቀይ ቀለም የማን እንደሆነ ደግሞ ያላወቀ የለም፤ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም ነው በቀይ የሚጻፈው። «ይኸ ሁሉ ቀይ ስም ተጽፎ ለማን ሊቀመጥ ነው?» አለች በልቧ።

አሰለች አንዲት ታናሽ እኅት አለቻት፣ ሰብሌ የምትባል፤ ከብልባላ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ደርበው የሚባል ገበሬ አግብታለች። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። ሾተላይ ነው አሏት። አሁን አራተኛውን ፀንሳለች። አሰለች አንድ ቀን «ለእኅቴ አንዲት ነገር ቢጽፉላት ምናለ?» ብትላቸው መሪጌታ ጮኹባት፤ ሲፈሩ ይጮኻሉ። እሷም ዝም አለች። መሪጌታ የሚስታቸውን ዝምታ እሺታ መስሏቸው ረሱት። ስንት መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንዲህ ይሳሳታል!

በ2004 ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ የወሩን መልመጃ ወደ ፖስታ ቤት ሊወስዱ ገጾቹን ሲያስተካክሉ ሃያ ሦስተኛው የለም። ጎታውን አንቀሳቀሱ፣ ቁርበቱን ገለበጡ። የለም።

«አሰለች፣ ወረቀት አላየሽም?»

«የምን ወረቀት?» አለች። ቶሎ መለሰች፤ በጣም ቶሎ።

መሪጌታ አፍጥጠው አዩዋት። እሷም የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠችና ቀና አለች።

«ሰርቄ አይደለም፤ ከቤቴ ነው የወሰድሁት። ለማያውቁት ሰው በፖስታ ሲልኩ ለእኅቴ ጊዜ ምነው እጅዎ አጠረ? በቆዳ አሰፍቼ አንገቷ ላይ አስሬላታለሁ። ስምዎን አላነሣሁም፤ አንድ የጎንደር መነኩሴ ናቸው የሰጡኝ ብያለሁ።»

መሪጌታ ሃያ ሁለተኛውንና ሃያ አራተኛውን ገጽ አወጡ፤ መሐል የነበረው የቱ እንደሆነ ገባቸው። ሞተ የሚለው ግስ ነው። ግእዙም፣ ዕብራይስጡም፣ አማርኛውም አንድ ዘር ነው፤ ከጥራዙ ሁሉ ትርጉሙን ሳያዩ የገባቸው ግስ እሱ ብቻ ነበር። ገጹን ሙሉ ከላይ እስከ ታች አርብተውታል፦ ሞተ፣ ሞተች፣ ሞትህ፣ ሞትሽ፣ ሞትሁ። በሁለተኛው ረድፍ ደግሞ፦ ይሞታል፣ ትሞታለች። ይህ ነው እንግዲህ ሦስት ልጅ የቀበረች ነፍሰ ጡር አንገት ላይ የተንጠለጠለው።

«ቀለም ነው» አሉ ለራሳቸው። «ወረቀትና ቀለም ነው።» እውነት ነው፤ ለተማሪዎቻቸውም እንዲያ ነው የሚሉት። ሁለቱን ገጾች ግን መልሰው ደበቁና ተቀመጡ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ተነሥቶ ይሮጣል። መሪጌታ አልሮጡም። ሁለት ቀን ሙሉ ቤታቸው ተቀመጡ። ሄጄ አውልቂው ብላት፣ በምን አወቁ ይሉኛል። የእኔ ጽሕፈት ነው ብል፣ የምስጋኑ ልጅ የአባቱን ሥራ ያዘ ይሉኛል። ምን ተጽፎበታል ቢሉኝስ? ዝም ብል ደግሞ ትወልድና ይረሳል፤ ቆዳ ውስጥ የተሰፋ ወረቀት ማን ያነበዋል? ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ እህል አልቀመሱም። አባታቸው ጽፈውላት የሞተችው ሴት ፊት ትዝ ይላቸዋል፤ አይተዋት አያውቁም፣ ግን ትዝ ትላቸዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጧት የአሰለች ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ የሰብሌ መንደር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማኅሌት ነበረች፤ መሪጌታን አቅርቡልኝ አለች።

«መሪጌታ፣ ሰብሌ እግሯም ፊቷም አብጧል። ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗን ያጨልማታል። ዛሬውኑ ላሊበላ ሆስፒታል መግባት አለባት። እሷ ግን ክታብ ያሰረ ሰው ወራጅ ውኃ አይሻገርም፣ ይረክስብኛል ብላ አልወጣም አለች። ወንዙን ሳትሻገር ደግሞ ብልባላ መንገድ ላይ መውጫ የለም። እርስዎን ትሰማለች፤ ይድረሱላት። ዛሬ ካልወጣች ለእሷም ለልጁም ዋስትና የለኝም።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ለበሱ። አሰለች ቀድማቸው ደጅ ቆማለች። በጭነት መኪና እስከ ብልባላ ሄዱ፤ ከዚያ በእግር። አሰለች ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አሰለች ዞር ሳትል «እኔ እናገራለሁ። እርስዎ ዝም ይበሉ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ውኃው እስከ ጉልበት ነበር። መሪጌታ እሷ ጥፋቱን በመውሰዷ በልባቸው ተመስገን አሉ፤ ወዲያውም በማለታቸው አፈሩ።

ደጁ ላይ ቃሬዛው ተዘጋጅቷል። የአንድ ለአምስቱ ቡድን ሰዎች ዙሪያውን ቆመዋል፤ ከስብሰባ በቀር ለሌላ ነገር ሲሰባሰቡ መሪጌታ ያዩት ያን ቀን ነው። ውስጥ ሰብሌ መደብ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጦ የእሷ አይመስልም። አንገቷ ላይ ትንሽ ጥቁር ቆዳ፣ አዲስ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል። መሪጌታ ከዚያ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

«ልጀ፣» አሉ፣ «ክታብ አያድንም። አውልቂውና እንሂድ።»

የደርበው እናት ከምራቷ ጎን ሆነው መለሱላቸው። «መሪጌታ፣ በሦስቱ እርግዝናዋ አንገቷ ባዶ ነበር። ሦስቱንም ቀበርን። ይኸን ካሰረች ወዲህ ይኸው ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ምን ይሉኛል?»

ምን ይባላል? መሪጌታ ስለ እምነት ተናገሩ፣ ስለ ሐኪም ተናገሩ። ደርበው መሬት መሬት ያያል። ማኅሌት ሰዓቷን ታያለች።

«የጎንደሩ መነኩሴ ከአንቱ ይበልጣሉ» አሉ እናቲቱ፣ ሳይቆጡ። «ይቅርታ ያርጉልኝና፣ አንቱ ለሚስትዎ እኅት ቤት እንኳ አንዲት ጠብታ ጸበል ይዘው መጥተው አያውቁም።»

አሰለች «እኔ ነኝ...» ብላ ጀመረች። መሪጌታ የሰብሌ ጣቶች ቤተ መቅደስ ደጅ እንደያዘ ሰው ክታቡን አጥብቀው እንደጨበጡት አዩ። አሰለች ብትናገር፣ ለባሏ ስትል ነው ይላሉ እንጂ እንደማያምኗት ያን ጊዜ ገባቸው። ከደጅ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«የጎንደር መነኩሴ የለም» አሉ። «ጽሕፈቱ የእኔ ነው።»

ከደጅ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «የምስጋኑ ልጅ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። መሪጌታ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሸሹት ይህቺን ሁለት ቃል ነበር፤ መጣችላቸው።

«ክታብ አይደለም!» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ጮኸው። «ትምህርት ነው። መልመጃ ነው። እንደ ልጅ ተቀምጬ የምማረው የቤት ሥራ ነው። ገና አልታረመም እንኳ፤ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል!»

ሰብሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «እንግዲያ ያንብቡልኝ።»

«ልጀ፣ ማንበቡ...»

«ያንብቡልኝ መሪጌታ። ምን አንጠልጥዬ እንደከረምሁ ልወቅ።» ክሩን ከአንገቷ አወጣች። እናቲቱ እጇን ሊይዙ ቢሉ ደርበው «ተይ እማ» አለ።

መሪጌታ ስፌቱን በምላጭ ፈቱ። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ ጥፍር አክሏል። ዘረጉት። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ማሕፀንሽ ይለምልም ብለው ቢያነቡ ማን ያውቅባቸዋል? እዚያ ቤት ውስጥ ፊደሉን የሚለይ እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን መርቀው ቢያነቡ መልሳ ታስረዋለች፤ ካሰረችው አትሻገርም። ከእውነቱ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፤ እውነቱን ደግሞ ይገድላታል ብለው ፈሩ።

«ሞተ» ብለው አነበቡ።

አሰለች አፏን በነጠላዋ ያዘች። እስከዚያች ሰዓት ምን እንደወሰደች አታውቅም ነበር።

«ሞተች። ሞትህ። ሞትሽ። ሞትሁ።» እናቲቱ አማተቡ። «ሞቱ። ሞታችሁ። ሞትን።» ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞሩ። «ይሞታል» አሉና የሚቀጥለውን መስመር አዩት። ቃሉ አፋቸው ላይ ደረሰ። ዘለሉት። «እሞታለሁ። ይሞታሉ። ይኸው ነው።»

ሰብሌ አላለቀሰችም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ ልጀ። ሌላ የለበትም።»

«ሞተ» አለች አንድ ጣቷን አጥፋ። «ሞተች።» ሁለተኛውን አጠፈች። «ደግሞ ሞተ።» ሦስተኛውን። «ይኸንማ እኔም አውቀዋለሁ መሪጌታ። ለዚህ ብለው ነው አዲስ አበባ ድረስ የተንከራተቱ?»

ከደጅ አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ ሳል አደረገው።

«እኔ የማላውቀው ነገር ያለበት መስሎኝ ነበር የያዝሁት» አለች። «የማውቀውን አንገቴ ላይ ምን ያደርግልኛል? ደርበው፣ ደግፈኝ።»

በቃሬዛው ወጣች። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ ሳያመነቱ ገቡ፤ ሰብሌ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሰለች የቃሬዛውን ዳር ይዛ ተሻገረች። መሪጌታ ከኋላ ቀሩ። ወረቀቱ በጭብጣቸው ውስጥ ነው፤ ያቺ ያልተነበበችው መስመርም እዚያው አለች። ክታብ ውኃ ሲሻገር ይሽራል የሚለውን የባላገር ወሬ ስንቴ ሲያፌዙበት ኖረዋል! አሁን ግን ውኃው መሐል ደርሰው አጎነበሱ፤ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ከውኃው በታች ነከሩት፤ ወሬው እውነት ይሁን፣ እውነት ይሁን፣ ይሻር አሉ። ቀዩ ቀለም ቀድሞ ለቀቀ። ወረቀቱ እስኪበጣጠስ ድረስ ያዙት፤ ከዚያ ማዶ ሲጠሯቸው ሰምተው ወጡ።

ሰብሌ መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ ዓይኗ ተገልብጦ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። አሰለች ጮኸች፤ መሪጌታ አበቃ ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሐኪሞቹ ግን በመርፌም በቢላም ታገሉላት። የተወለደችው ሴት ልጅ ትንሽ ነበረች፤ ስትወጣ ወዲያው አላለቀሰችም፣ ኋላ አለቀሰች። ሰብሌም በአምስተኛው ቀን ዓይኗ ጠራ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ደብር ገብቶ ቆያቸው። ተጠሩ፤ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ነገሩ እስኪጣራ ሦስት ወር ማኅሌት እንዳይቆሙ ተባሉ፤ ከተማሪዎቻቸው ግማሹ ሌላ ቤት ገባ። አሰለች እነዚያን ሦስት ወራት እሳቸው ሳይጠይቋት ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ፈተለች፤ ማንም እንዳይገባባቸው። ይባስ ብሎ ደግሞ፣ የዕብራይስጡ ክታብ ሾተላይ አስለቀቀ ብለው ዶሮ ይዘው የሚመጡ ሴቶች በዙ። መሪጌታ ዶሮውን ሳያዩ ወደ ጤና ሠራተኛዋ ወደ ማኅሌት ይመልሷቸዋል። አሁንም ሰው በሩን ሲያንኳኳ ይደነግጣሉ። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም፤ ለምደውት ይኖራሉ።

ከአዲስ አበባ የታረመው መልመጃ ሲመለስ ጥግ ላይ «ሃያ ሦስተኛው ገጽ አልደረሰኝም፤ ሠርተው ይላኩ» ይላል። መሪጌታ ጓዳ ገቡ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ከፈቱ፣ ከላይ እስከ ታች እንደገና አረቡት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከ«ይሞታል» ቀጥሎ እጃቸው ቆመ። መስመሩን ባዶ ትተው ወደሚቀጥለው አለፉ፤ እንዲያው ላኩት። መምህሩ መለሱት፦ «አንድ ቃል ጎድሏል፤ ይሙሉት።»

አልሞሉትም። ጥራዙን ጨርሰው ሌላ ጥራዝ ጀምረዋል፤ የነቢያቱን መጽሐፍ በዕብራይስጡ እየተንተባተቡ ያነባሉ። ቃሉን አጥተውት አይደለም፤ በእንቅልፋቸውም ያውቁታል። ሰብሌ በደህና አለች፤ መስመሩም ባዶ ነው።